ባሕሩ ዕረፍት የወጣ ዕለት

ትናንት በሕልሜ ባሕሩ ዕረፍት ሲወጣ አየሁ።

በእኛ በአክራ ዳርቻ አሣ አስጋሪ ማክሰኞ ባሕር አይገባም፤ ቀኑ የባሕሩ ማረፊያ ነው ይባላል። በሕልሜ ግን ባሕሩ ነገሩን የምር አድርጎት ነበር። ተነሥቶ ወደ ከተማ ሄደ። ጎረቤቴ አታ ላምፕቴይና ሌሎቹ አስጋሪዎች በባሕሩ ቦታ ተኝተው ከፍ ዝቅ ይላሉ። አሦቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ።

«አታ ላምፕቴይ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ማዕበል ነኝ። አታናግሪኝ፣ ዳር ልደርስ ነው» አለና አረፋ ደፍቆ አሸዋው ላይ ተበተነ።

ወደ ስቱዲዮዬ ሮጥኩ። እንደፈራሁት ባሕሩ ከሥዕል ሸራዎቼም ወጥቶ ሄዷል።

ሠላሳ ዓመት የሣልኩት አንዲት ሴት ነው፤ እናቴን ዴዴን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አሸዋው ላይ ስትጨፍር። ሁልጊዜ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃ አለብሳታለሁ። ሰው ባሕር ስለምወድ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከሦስተኛው ምት በኋላ ግራ እግሯ ወዴት ይሄድ እንደነበር ረስቻለሁ። የሚነግረኝም ሰው በሕይወት የለም።

አሁን በአሥራ ሁለቱ ሸራዎቼ ላይ አሥራ ሁለት እናቶች እግር አልባ ሆነው አየር ላይ ቆመዋል።

«እግራችንስ?» አለች አንዷ። «እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው!»

እሷ ገና ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ስድሳ ሁለት። እማማ ብትለኝ አልፈርድባትም።

«ረሳሁት» አልኳት።

«አዝዬዎት አልነበር እንዴ የምጨፍረው?»

«ለታዘለ ሰው እግር አይታየውም።»

ሳቀች። ሳቋ ደረቴን ሲነቀንቀው ለካ ከነሽበቴ ጀርባዋ ላይ ነኝ። አንገቷ ድሮ እንደሚሸተው ጭስ ጭስ፣ አሣ አሣ ይሸታል። ባልወርድ ደስ ባለኝ።

«በሉ ዛሬ ይውረዱና ይዩ» ብላ ማዘያውን ፈታችው።

አጨበጨበች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ግራ እግሯ ተነሣና...

ስልኬ ጮኸና ነቃሁ። ሥዕሎቼን የሚያሻሽጠው ቴቴ ነው።

«እማማ ኮርኮ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሥዕል ያሳየሁት ሆቴል አሥራ ሁለቱንም ወሰዳቸው። ስድስት ይጨመርልኝ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ፣ ውኃው ከፍ ይበል፤ እስከ ወገቧ።»

ግራ እግሬ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየር ላይ ቆሟል። የት እንደማሳርፈው አላወቅኩም።

«እሺ» አልኩት፤ «እስከ ወገቧ።»