ሊቀ ብሎን እና ደመና ያየው ወንበር

አስቀድሜ ይቅርታ። ከፊደል ጋር የምንተዋወቀው በሩቁ ነው፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ አንዳንዱን ሰላም ብዬ አንዳንዱን አልፈዋለሁ። ሰው ፊትም አፌ ይተሳሰራል። ግን ስለ እህቴ ባል ሌላ የሚጽፍ ካልተገኘ ምን ላድርግ? ብሳሳት ለሳቃችሁ ይሁን።

መቼም በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ነጋዴ አይጠፋም፤ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ደንበኛ እንዳይመጣበት የሚፀልይ፣ ገዢ ሲገባ ሌባ የገባ ያህል የሚደነግጥ። የእኛ ሰፈር ደግሞ የእነዚህን አለቃ፣ የእህቴን ባል፣ ይዟል። ሊቀ ብሎን እንላቸዋለን። ሥራቸው ከአገልግሎት የወጡ አሮጌ አውሮፕላኖችን ትርፍ ዕቃ በጨረታ እየገዙ፣ ምንነቱን ለይተው መሸጥ ነው። እሳቸው ይገዛሉ፣ እኔ በናፍጣና በጨርቅ እወለውላለሁ፣ እሳቸው ይለያሉ። የሚሸጥ የለም።

መለየቱንስ ብታዩ! ብረቱን በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። ያሸቱታል። ሲብስም ይልሱታል። "ቸኩለህ ስም አታውጣለት፤ ራሱ ይናገራል" ይሉኛል። ማንነቱ ያልታወቀ ዕቃ እስኪናገር ድረስ መኝታ ቤት ነው የሚያድረው፤ ሱቁ ስለሚበርድ አፉን አይከፍትም ብለው። አንድ ጊዜ አንድ ክብ አልሙኒየም አልጋቸው ሥር ከርሞ በመጨረሻ ተናገረ፤ የሞተር አፍንጫ መሸፈኛ ነኝ አለ። ጎረቤታችን መጥታ "ውይ፣ የድስቴ ክዳን!" ብላ አነሳችው። ሊቀ ብሎን ግን ንቅንቅ አላሉም። "ድስት ላይ የወጣው በኋላ ነው" አሉ።

የውሃ ታንከሩን የሚደፍንበት ቁራጭ የፈለገ ሰውም "ይሄ ተራ ብረት አይደለም!" ተብሎ፣ ስለ ክንፍ ሲማር ውሎ ባዶ እጁን ሄደ። ታንከሩ እስከ ዛሬ ያፈሳል።

ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር፣ እህቴ እስክታረግዝ ድረስ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከሱቁ ወደ መኝታ ቤት በሚያስገባው በር ላይ የፓይለት ወንበር ተገትሯል። እህቴ ድሮ በጎን ታልፍ ነበር፤ አሁን ግን ጎን የላትም። አናጢው ሠርቶ ያመጣው የሕፃን አልጋም መግቢያ አጥቶ ደጅ ቀርቷል፤ ዶሮ ታቅፋበታለች።

"ስማ አንተ ሰውዬ" አለቻቸው። "ዛሬ ወንበሩ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ። እናቴ ቤት እወልድልሃለሁ፤ ልጅህንም እንደ እንግዳ መጥተህ ትጠይቃለህ።"

ሊቀ ብሎን ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ገባ። "ጋሼ፣ ያን ወንበር ልገዛዎት ነበር።"

"ለየትኛው አውሮፕላን?"

"ኧረ ለፀጉር ቤቴ ነው።"

ደረታቸውን ያዙ። "ይሄ ደመና ያየ ወንበር ነው! አንተ ፎረፎር ልታሳየው?"

እህቴ ከውስጥ ሳል አለች።

"እሺ፣ ቁጭ በልበት። መጀመሪያ እሱ ይይህ" አሉት። ሳይታሰሩ መቀመጥ ክልክል ነው ብለው ቀበቶውን በገዛ እጃቸው ቆለፉለት። ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ አልከፈትም አለ።

"አትደንግጥ። በአደጋ ጊዜ በአንድ ጣት እንዲከፈት ሆኖ ነው የተሠራው።" በአንድ ጣት ሳቡት። በአምስት ሳቡት። የእኔም አምስት ተጨመረ፤ ዘይትም አፈሰስንበት።

"ምናልባት አደጋው ገና ስላልደረሰ ይሆን?" አለ አስተካካዩ።

ይሄኔ አንገቱ ላይ ጨርቅ የታሰረለት፣ ግማሽ ጭንቅላቱን ብቻ የተላጨ ሰው በሱቁ በር ብቅ አለ። "አንተ! መጣሁ ብለኸኝ ወጥተህ እዚህ ተንፈላሰህ ተቀምጠሃል?"

"ኧረ ታስሬ ነው!"

"ምን አጥፍተህ?"

እህቴ መቀስ ይዛ ከወንበሩ ወዲያ ቆመች። "ቁረጡት።"

"አይነካም! ይሄ ቀበቶ በዓለም ላይ ወንድም የለውም!"

"እሺ፣ አሁን ምጥ ቢይዘኝ በየት በኩል ነው የምወጣው? በዚህ ሰውዬ ላይ ተረማምጄ?"

ብረት ሲለዩ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በሩን አዩት። ከዚያ ሆዷን አዩ። መቀሱን ተቀበሏትና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆረጡ። አስተካካዩም አብሯቸው ጨፈነ።

"ውሰደው" አሉት፣ ድምፃቸው ሰልሎ። "ግን አደራህን፣ ሰው ፊት ወንበር ብለህ እንዳትጠራው።"

ለአራት ተሸክመን አወጣነው፤ ባለ ግማሽ ጭንቅላቱ ከፊት። ዶሮዋ እየተንጫጫች ተነሳች፣ የሕፃኑ አልጋ ገባ። እህቴ በበሩ ፊት ለፊት አለፈች፤ ደስ ብሏት ተመልሳም አለፈች። ሊቀ ብሎን "ተመቸሽ?" ብለው ጠየቋትና ወደ ደጅ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀጉሬ ባያድግም፣ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ወንበሩ የናፈቀኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሊቀ ብሎን ቀድመውኝ፣ አግዳሚው ላይ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ጭንቅላታቸው ላይ እኮ ዘንድሮም አምናም አንዲት ፀጉር የለችም። ሲያዩኝ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ተራቸው ደርሶ ወንበሩ ላይ ሲወጡ አስተካካዩ፣ "ምን ላድርግልዎት ጋሼ?" አላቸው። መላጣቸውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ ሰዉም ዞሮ ያያቸው ጀመር። እኔ ነኝ ከተቀመጥኩበት የተነሳሁት። "ዙሪያውን አስተካክልላቸው" አልኩ፣ ሁሉም እየሰማኝ። "ቀስ ብለህ። አንቸኩልም።" ጨርቁንም አንስቼ አንገታቸው ላይ ራሴ አሰርኩላቸው።