የውሰት አጎቶች

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። ይህ ብሂል በሳይንሳዊ መንገድ የተረጋገጠው ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ ከአማን በስተደቡብ ባለ አንድ የተከበረ ዩኒቨርሲቲ፣ በፍልስጤማዊው ልብስ ሰፊ ልጅ በኒዳል አማካይነት ነው። የኒዳል አጎቶች ሁሉም የሚኖሩት ቺሊ ነው።

የኅብረተሰብ ጥናት ሊቁ ዶክተር ሩሽዲ፣ የዝምድና ተጽዕኖ ከዩኒቨርሲቲ ጨርሶ መጥፋቱን በወፍራም መጽሐፍ ያበሠሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻው ፈተናም «ዝምድና ለምን ጠፋ?» ብለው ጠየቁ። ኒዳል «አልጠፋም» ሲል ከነማስረጃው ጻፈ፤ ወደቀ። የታላቅ ጎሳ ልጅ የሆነው ሰጣም ወረቀቱን እንደተሰጠው በንጽሕናው መለሰ፤ እሱም ወደቀ። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ የሰጣም ጎሳ በአቡ ደይፈላህ መሪነት የሊቁን ሳሎን ሞላው። ቡና ተቀዳ። ሽማግሌው ፍንጃላቸውን ሳይቀምሱ አስቀመጡት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ለምልጃ የመጣ እንግዳ ቡናው ሳይጠጣ ከቀዘቀዘበት፣ በዚያ አገር አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ የቤት ጌታ የለም። ዶክተር ሩሽዲ ስለ መርህ፣ ስለ ሕሊናና ስለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ለጥቂት ቅጽበት ካሰላሰሉ በኋላ፣ «ቡናችሁን ጠጡ፤ የመጣችሁበት ጉዳይ ተፈጽሟል» አሉ። ባዶው ወረቀት በጥልቀት ዳግም ተመርምሮ አለፈ።

ኒዳል ወሬው ደረሰው። አባቱ ለልጃቸው ምረቃ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ በገዛ እጃቸው ሰፍተው ጨርሰዋል፤ መውደቁን ሊነግራቸው አልደፈረም። ስለዚህ ብቻውን ወደ አቡ ደይፈላህ እልፍኝ ሄዶ፣ የተቀዳለትን ፍንጃል ሳይነካ አስቀመጠው።

«ጠጣ እንጂ ልጄ። ምን ፈልገህ ነው?»

«አጎት ፈልጌ ነው፣ ሸይኽ። የኔዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ያውሱኝ።»

ሽማግሌው ፍንጃሉን አዩ፤ ልጁን አዩ። «ስንት ይበቃሃል?»

«ጢማቸው ረዘም ካለ ጥቂትም ይበቃኛል።»

«አንተ ሰይጣን፣ ጠጣ። አጎትህ ነኝ።»

በማግስቱ ዶክተር ሩሽዲ በራቸውን ሲከፍቱ ያንኑ ሽማግሌ፣ ያንኑ ጢም፣ ከጎኑም ኒዳልን አዩ። ቡና ተቀዳ።

«ይሄም የወንድምዎ ልጅ ነው?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«መልሱ እኮ ስሕተት ነው፤ ዝምድና ጠፍቷል።»

«ጠፍቷል፣ ምን ጥርጥር አለው» አሉ አቡ ደይፈላህ ፍንጃላቸውን እያስቀመጡ። «ቡናው ግን እየቀዘቀዘ ነው።»

ሊቁ ለኒዳል የማለፊያ ነጥብ ሰጡት፤ ለሳይንስ ክብር ሲሉም መልሱ አሁንም ስሕተት መሆኑን በቀይ ብዕር አሰመሩበት። በምረቃው ዕለት ልብስ ሰፊው አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው፣ በማያውቋቸው ወንድሞቻቸው መሐል ተቀምጠው አጨበጨቡ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፍንጃል ሳይጠጣ ተቀመጠ፤ ኒዳልም በዚያው ክፍል መምህር ሆኖ ተቀጠረ። የሚያስተምረው በዶክተር ሩሽዲ መጽሐፍ ነው። ባለፈው ዓመት በፈተና «አልጠፋም» ብሎ የጻፈ አንድ ተማሪ ኒዳል ራሱ ጣለው።