መስኮት ሥር የተጻፈ መመሪያ

ሰው የሚያውቀውን ነገር ለማያውቅ ሰው አጥርቶ ማስረዳት የቻለ ቀን፣ በዓለም ላይ ያለው ጭቅጭቅ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለኛል። ክፋቱ፣ አንድን ነገር ባወቅንበት ቅጽበት አለማወቅ ምን ይመስል እንደነበር እንረሳዋለን። መንገድ ጠይቃችሁ ታውቁ የለ? «ቀጥ ብለህ ሂድና፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይላችኋል ደጉ ሰው። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ሰውዬው ግን አልዋሸም። ለእሱ ወፍጮ ቤቱ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ዘግይታችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔም በዘመኔ እንዲህ ያለ መንገድ ጠቋሚ ነበርኩ፤ ያውም በጽሑፍ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ከአማርኛ ታይፕ ጸሐፊነት ወደ «ኮምፒውተር ክፍል» ተዛወርኩ። ክፍል ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሲያትም ጎረቤት የሚያስነሣ ማተሚያ፣ አቧራ መከላከያ ተብሎ የተሰፋ የጠረጴዛ ልብስ፣ በሩ ላይ ደግሞ «ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ነው» የሚል ማስታወቂያ። ቤተ መቅደስ ገብተን ስንወጣ እንውል ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራችን ዝናብ ነበር። ማዝነቡ የእኛ አይደለም፤ የዘነበውን መደመር ነው። ከገረሴ፣ ከካምባ፣ ከየደጋው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ የሚመጣውን ቁጥር እየደመረ በየወሩ የሚያትም ፕሮግራም ነበረን። የጻፈው መምህር ታደለ ነው፤ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። ታደለ ፕሮግራሙን ለጠየቀው ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ያውም ከነአንጀቱ። አንጀት የምለው ፕሮግራሙ የተሠራበትን ጽሑፍ ነው። እሱን የያዘ ሰው እንዳሻው ቀዶ መልሶ ሊሰፋው ይችላል። ዛሬ ዛሬ «ኦፕን ሶርስ» የሚል የክርስትና ስም ወጥቶለታል። ያኔ ስም አልነበረውም። ታደለ ብቻ «ዝናቡ የማንም አይደለም፤ የዝናቡ ፕሮግራም ለምን የእኔ ይሆናል?» ይል ነበር።

ፕሮግራሙ የተገለበጠበት ዲስኬት በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አዋሳ ይሄዳል፣ ጅማ ይሄዳል። አንዳንዴ እዚያ ያለ ሰው አንጀቱን ከፍቶ፣ አንድ ነገር አሻሽሎ ይመልስልናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ነገሩ ደስ ይላል። ግን አንጀቱ በተነካ ቁጥር፣ አንጀት የሚነኩ ሰዎች የሚያነቡት መመሪያም አብሮ መለወጥ አለበት። መመሪያውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የጋሞ ደጋ ቤት ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ሲያጥር አይታችሁ ከሆነ፣ መመሪያም እንደዚያው ነው። ከላይ ስታዩት ቤት ነው፤ ከሥሩ እየተበላ ነው። በዚያ ላይ በስቴንስል አባዝተን የበተንነው አሮጌ ቅጂ አይሞትም። ያረምነውን ስሕተት ይዞ፣ ጥጉ ተጣጥፎ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ባልጠበቃችሁት ሰው እጅ ተመልሶ ይመጣል።

የእኔ አማርኛ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከታይፕ ክፍል ያመጣሁት የመሥሪያ ቤት አማርኛ! «እንደሚታወቀው» ሳልል አንቀጽ አልከፍትም፤ «እንደተለመደው» ሳልል አልዘጋም። «እንደሚታወቀው አስፈላጊው ዝግጅት ከተደረገ በኋላ የወራቱ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ ቀሪው እንደተለመደው ይከናወናል።» ማማሩን አያችሁልኝ? ለዓመታት አንድም ሰው ተቸገርኩበት አላለም። ምን ያስቸግረዋል? ያልገባው ሁሉ በሩን አንኳኩቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እኛኑ ይጠይቀናል። በእኛ አገር መመሪያ የሚነበበው የሚጠየቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው።

የምንጠየቀው ሦስት ነበርን። ታደለ፣ እኔ እና አቶ ኦይቻ። አቶ ኦይቻ የገረሴ ሰው ናቸው። የየጣቢያውን ቁጥር የሚሰበስቡት እሳቸው ነበሩ፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በሥራ ቀን ደግሞ የእኛ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ታደለ የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሄድ ነው። ዜናው በተሰማ ማግስት ኃላፊያችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሦስታችንንም ጠሩን።

«ይህ ፕሮግራም ያለው ወረቀት ላይ ነው ወይስ አፋችሁ ውስጥ?» አሉ።

«ወረቀት ላይ!» አልን እንደ ተማሪ ባንድ ድምፅ።

«ይታያል። አንደኛው አፍ መሄዱ ነው። እኔ በሁለት አፍ ላይ ሥራ አልሠራም።»

ፈተናውን ነገሩን። ፕሮግራሙ የጳጉሜን ዝናብ ከነሐሴ ጋር ደባልቆ ያትም ነበር፤ የተወለደበት ኮምፒውተር ከአሥራ ሁለት ወር በላይ የማያውቅ ፈረንጅ ነዋ። ይህን ጉድለት ፕሮግራሙን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ከመመሪያው በቀር ማንንም ሳይጠይቅ፣ በአንድ ቀን ያስተካክል። ከቻለ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ካልቻለ ወደ እጅ ድምር እንመለሳለን፤ ኮምፒውተሩም ለሌላ ክፍል ይሰጣል።

ስንወጣ ታደለ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። «ይኼ ነገር ከሞተ እኔ ሳልኖር ነው የሚሞተው» አለ። እኔም ፈርቼ ነበር። ያን ፕሮግራም እወደው ነበር፤ ከመመሪያዬ በላይ ማለቴ ነው፣ ይህ ደግሞ ቀላል ፍቅር አይደለም።

የተመረጠችው ሰው ከካምባ መጣች። መምህርት ማርታ ትባላለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ በክረምት ሥልጠና የኮምፒውተር ትምህርት ወስዳለች፣ የእኛን ፕሮግራም ግን ስሙንም አልሰማችም። ጫማዋን አውልቃ ስትገባ አቶ ኦይቻ «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው ተቀበሏት፤ ከዚያም በጋሞኛ እናቷን፣ አባቷን፣ ከብቱን፣ እንሰቱን፣ መንገዱን ጠየቋት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። የካምባ ሰላምታ ግን በሰዓት አይቋረጥም።

ሰላምታው ሲያልቅ ኃላፊዋ ፊታችንን አይተው ሕግ አወጡብን። «እዚህ ክፍል አትገቡም። ለእሷ አንድ ቃል አትናገሩም። ዝም አይነቅዝም።» እሺ አልን። ማርታ ተቀመጠች፤ መመሪያዬን ገለጠችና የመጀመሪያውን መስመር አንብባ ቀና አለች።

«‹እንደሚታወቀው› ይላል። ለማን ነው የሚታወቀው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መልስ መስጠት ክልክል ነበር። በሕይወቴ እንዲያ የተመቸኝ ክልከላ የለም።

ወጣን። እኔ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወርደን አሣ ጥብስ እየበላን ውጤቱን እንጠብቅ አልኩ። አቶ ኦይቻ ሌባ እንደያዙ ሰው አዩኝ።

«እንግዳ ጥሎ የሚሄድ ሰው እኛ አገር የለም» አሉ። «ነውር ነው። መግባት ተከለከልን እንጂ መቀመጥ አልተከለከልንም።»

ስለዚህ ከግቢው ማንጎ ሥር፣ የአቧራ ጥላ እንኳ በማይናቅበት በዚያ የአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። አጥሩ ላይ ሁለት ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ያዩናል፤ ከታች ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ከክፍሉ የቁልፍ ድምፅ ይሰማል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ቆመ። ቆየ። አሁንም ዝም።

ታደለ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «ሰንጠረዡ ጋ ደርሳለች» አለ በሹክሹክታ። «በቅድሚያ የቀን ፋይሉ ከሁለተኛው ዲስኬት ወደ ኮምፒውተሩ ካልተገለበጠ ሰንጠረዡ አይከፈትም። ጽፈኸዋል?»

«‹አስፈላጊው ዝግጅት ከተደረገ በኋላ› ብያለሁ።»

«አስፈላጊው ዝግጅት እኮ እሱ ነው!»

«እሱ መሆኑን አንተ ነግረኸኛል?» አልኩ ሹክሹክታውን ረስቼ።

እኔ ወደ እሱ፣ እሱ ወደ እኔ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ይህን ጊዜ አቶ ኦይቻ እጃቸውን አነሡ። የጋሞ ሰው ጉዳዩን ተቀምጦ የሚመክርበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል፤ እሳቸው ባሉበት ሁለት ሰው ከተከራከረ ቦታው ሁሉ ዱቡሻ ነው።

«በተራ!» አሉ። «ደግሞም ሹክሹክታ አልወድም። ዱቡሻ ላይ የተናገርከውን ሁሉም ይስማው። ታደለ፣ አንተ ጀምር። ድምፅህን አውጣ።»

ታደለ ድምፁን አወጣ። የሁለተኛውን ዲስኬት ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። እኔ ተራዬ ሲደርስ፣ ስለ ዲስኬቱ ማንም እንዳልነገረኝ፣ ሰንጠረዡ በስንት ቁልፍ እንደሚከፈት ግን እንደማውቅና «ይታወቃል» ብዬ እንደተውኩት ተናገርኩ፤ ቁልፎቹንም ቆጠርኩ። አቶ ኦይቻ ሁለታችንንም ገሠጹና ወደ ራሳቸው ዞሩ።

«እኔም አለብኝ» አሉ። «መዝጋቢው ሳይለካ የዋለበት ቀንና ዝናብ ያልጣለበት ቀን አንድ አይደለም። ያልተለካው ባዶ ይተዋል፤ ደረቁ ዜሮ ይጻፋል። ባዶውን ዜሮ ያደረገ ሰው ድርቅ ይፈጥራል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ እኔው ስለምሞላው።»

ከውስጥ ቁልፎቹ እንደገና መንኳኳት ጀመሩ። «አያችሁ?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ «መመሪያው ይሠራል።»

«ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት ዓመትስ?» አሉ አቶ ኦይቻ።

ታደለ ግንባሩን መታ። «አስገብቼዋለሁ፤ የት እንደሆነ ነው ያልተናገርኩት። መጨረሻ ላይ፣ ከማተሚያው ትእዛዝ በታች ነው።»

«እዚያ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«መብራት ሊጠፋ ሲል ቸኩዬ ነው የጻፍኩት።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክርክሩ እንዲህ እየጋለ ከሰዓቱን በላው። እናንተ እስከዚህ ያነበባችሁ ሰዎች አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ማንጎው የቆመው ከኮምፒውተር ክፍሉ ፊት ለፊት ነው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ መስኮት የሚዘጋ ጤነኛ ሰው የለም። እኛ ግን አላስተዋልንም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማተሚያው ጮኸ። ዝንጀሮዎቹ ሸሹ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀድመውን ገቡ፤ እኛ በሩ ላይ ተጋፋን። ወረቀቱ እየተዘረጋ ወጣ። ነሐሴ ለብቻዋ። ጳጉሜ ለብቻዋ። ታደለ ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«የረዳሽ ሰው አለ?» አሏት ኃላፊዋ።

«ማንም አንድ ቃል አላናገረኝም» አለች ማርታ። እውነቷን ነው።

ከዚያ መመሪያዬን መለሰችልኝ። መለየት አቃተኝ። «እንደሚታወቀው» በሙሉ በቀይ ተሰርዟል። ጠርዙ ዙሪያውን በጽሑፍ ተሞልቷል፤ ያውም ከነባለቤቱ። «መምህር ታደለ እንዳሉት፣ በቅድሚያ ሁለተኛው ዲስኬት።» «አቶ ኦይቻ እንዳሉት፣ ባዶ ቀን ዜሮ አይደለም።» ከአንድ ገጽ ግርጌ ደግሞ የእኔ ቃል በክብ ተከቦ ተቀምጧል፦ «እሱ መሆኑን አንተ ነግረኸኛል?» ቀጥሎ በቅንፍ፦ «አልነገረውም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገጾቹን አገላበጡ። መስኮቱን አዩ። በመስኮቱ አሻግረው ማንጎውን አዩ።

«እኔ የከለከልኩት ለእሷ መናገር ነው» አሉ በመጨረሻ። «እርስ በርስ መጣላት አልከለከልኩም።»

ፕሮግራሙ ዳነ። ታደለን እስኪሄድ ድረስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከማንጎው ሥር እያስቀመጥን አጣላነው፤ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ፣ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ አግኝታ የቆየችው ማርታ መስኮቱ ጋ ሆና ወረቀት ላይ አሰፈረችው። ሲሳፈር ያቀፈው መጀመሪያ ማርታን ነው፤ አልቀናሁም። እሷም ከብዙ ደብዳቤ በኋላ በዝውውር መጣችልንና መመሪያው የእሷ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ አገር ሰዎች «መመሪያችሁ ግልጽ ነው፣ ማን ነው የጻፈው?» እያሉ ሲጠይቁን ምን ብለን እንደምንመልስ ይቸግረን ነበር።

ሥርዓቱም ጸና። አዲስ ዲስኬት ሲመጣ እኔና አቶ ኦይቻ ማንጎው ሥር ወጥተን እንቀመጣለን፣ ማርታ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ከጅማ የተሻሻለ ነገር መጣ። ሁለታችንም አየነው፤ ቀላል ነው። አቶ ኦይቻ ተናገሩ፣ እኔ ልክ ነው አልኩ፤ እኔ ተናገርኩ፣ እሳቸው ልክ ነው አሉ። ደስ ብሎን ልብሳችንን አራግፈን ተነሣን።

ማርታ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን» አልኩ። «በሁሉም ነገር ተስማማን።»

«ተስማማችሁ?» አለች፤ እስክሪብቶዋን እንኳ አልከፈተችም። «እንግዲያው የረሳችሁት ነገር አለ።»

አቶ ኦይቻ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ተመልሰን ተቀመጥን።