ሃያ ስምንት ጭልፋ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም ቢሆን። ነገሩ የእናቱ ነውና እንዴት ብዬ ልጀምርለት?

ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የወጥ ነገር ነው። አንድ ድስት ወጥ ለስንት ሰው ይበቃል ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አማቴ እማማ ብዙነሽ ይህን ሲጠየቁ ይስቁ ነበር። ድስቱን አየት፣ እንግዳውን አየት ያደርጋሉ። ይበቃል ካሉ ይበቃል። አዳማ ላይ፣ እኛ በነበርንበት በባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ የማኅበሩ የዓመት ድግስ ወጥ ያለ እሳቸው አይሠራም። ሰው ስማቸውን የሚያነሣው በወጣቸው ነው።

እኔ ግን ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ እያንዳንዷ ልጅ የራሷ የቆርቆሮ ሳህን አላት። ሁለት ጭልፋ ይደረግላታል፤ አለቀ። ሒሳብም የገባኝ በዚሁ ነው። አሥር ልጅ ሃያ ጭልፋ፣ ሃያ ልጅ አርባ። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። በማባዛት ግን የሚቀድመኝ አልነበረም።

ባገባሁ በአምስተኛው ወር የማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። አማቴ ከአርሲ የመጣ ሙክት አሳርደው ወጡን ሠሩ። ሊበስል ጥቂት ሲቀረው እሳቱን ብቻ ጠብቂ ብለውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጠበቅሁ። ግን የተማረ ሰው ዝም ብሎ እሳት ያያል? ማኅበርተኛው አሥራ አራት፤ በሁለት ሲባዛ ሃያ ስምንት። ወጡን በጭልፋ እየቆጠርኩ ወደ ሌላ ድስት ገለበጥኩት። ሃያ። ደግሜ ቆጠርኩት። አሁንም ሃያ። እማማ ሰው ፊት ሊዋረዱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ስምንት ጭልፋ ውሃ ጨመርኩበት። ሒሳቡ ልክ መጣ። እንዲያውም ውለታ የዋልኩላቸው መሰለኝ።

አሥራ አራት ሰው በሦስት ገበታ ዙሪያ እንደሚቀመጥ መች አሰብኩ? ሳህን የያዘ የለም። እማማ ከማኅበርተኛው ጋር ተመልሰው ተቀምጠዋል፤ እኔ እንጀራው ላይ ሳፈሰው ወጡ መሃል መቆየት እምቢ አለ፤ ወደ ዳር ሮጠ። እንጀራው ራሰና ሲያነሡት ከእጅ ላይ ይቆረጥ ጀመር። ጨው ነጋዴው አቶ ተክሌ እጃቸውን ሰበሰቡና፣ «ብዙነሽ፣ አዋሽን ወደ ቤትሽ ጠለፍሽው እንዴ?» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ታንኳ ይምጣልን አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አማቴ ድስቱን ከፍተው አዩ። ቀመሱ። «እጄ አርጅቷል» አሉ። ድስቱን መልሰው ከደኑት። የማኅበሩ መሪ በትሕትና፣ የዘንድሮውን የዓመት ድግስ ወጥ ለሌላ ሴት እንስጠውና እርስዎ ይረፉ አላቸው። እሺ አሉ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብተነፍስ ድግሳቸው ይመለስላቸው ነበር። እኔ በሩ አጠገብ አቀርቅሬ ቆሜአለሁ። አንዲት ሴትዮ አየት አድርጋኝ፣ ምን ያለች ጨዋ ምራት አገኙ አለች።

በነጋታው ማለዳ ልናገር ቆርጬ ተነሣሁ። እማማ የታጠበውን ድስት ፊታቸው አድርገው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከዳኝ መሰለኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። ለአንድ ሰው ስንት ጭልፋ እንደሚበቃ እስቲ አሳዪኝ።»

ድስቱን ውሃ ሞላሁበት። አጠገባቸው ተንበረከክሁና ጭልፋውን አስይዤ ማባዛት አስተማርኳቸው።