ከቀትር በኋላ የሚታይ ኮላጅን

ካላየ የማያምን ሰው ሞልቷል። አምኖ የሚያይስ አጋጥሟችሁ ያውቃል? አለቃዬ ዶክተር ጀማል እንደዚያ ናቸው። አምቡሊ ሰፈር ባለችው ላቦራቶሪያችን የፍየል ጉበት በስሱ ቆርጠን አንቲቦዲ እንጨምርበታለን። ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ካለ አንቲቦዲው ይይዘውና ቡናማ ሆኖ ይታያል።

ጠዋት ዶክተር በማይክሮስኮፕ አይተው፣ «ምንም የለም» አሉ። ቀትር ላይ ጫቱ ከድሬዳዋ ገባ። አስር ሰዓት ላይ ያንኑ ናሙና ደግመው አዩና፣ «ሞልቷል፤ ለነገው ሪፖርት ጻፈው» አሉኝ።

ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥኩትን ናሙና አቀረብኩላቸው።

«ይሄም ሞልቷል።»

«ዶክተር፣ እሱን እኮ አንቲቦዲ አልነካውም።»

በሐዘኔታ አዩኝና አንድ የጫት ቀንበጥ ዘረጉልኝ።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ገና አልመረቀንክም» አሉኝ።