የሩሐማ ድንኳን

[ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ የወጣቶች ማእከል ግቢ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሩሐማና መልካሙ የኪነ ጥበብ አስተዳደር የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ትምህርታቸው ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ሥራ ላይ ነው፤ የሥራውን ልምምድ በዚሁ ማእከል የባህል ቡድን ውስጥ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ዛሬ ራሳቸው ያዘጋጁት ትርኢት ይታያል፣ መምህራቸውም አይቶ ውጤት ይሰጣል። ሩሐማ ገና መድረሷ ነው። መልካሙ አግዳሚ ወንበር ተሸክሟል።]

ሩሐማ፦ አዙረው።

መልካሙ፦ ወዴት ላዙረው?

ሩሐማ፦ ጀርባውን ለሐይቁ ስጠው። ተመልካች ፊቱን ወደ ውኃው ካደረገ ጉማሬ ብቅ ይላል ብሎ እሱን ሲጠብቅ ነው የሚውለው።

መልካሙ፦ እንዲህ ከዞረ ደግሞ ጉማሬውን የሚያየው ዘፋኙ ነው።

ሩሐማ፦ ዘፋኙ ባለሙያ ነው፣ አያይም።

መልካሙ፦ እሺ። [ያዞራል።] ባዶ ወንበር ግን ወዴትም ቢዞር ያው ነው።

ሩሐማ፦ ባዶ ነው ያለህ ማን ነው? ተመልካች ማለት በሦስት ይከፈላል። የሚመጣ፣ ሊመጣ የሚችል፣ እንዲመጣ የሚደረግ። ክፍል ውስጥ ስንማር ተኝተህ ነበር።

መልካሙ፦ አልተኛሁም። የማይመጣው የትኛው ውስጥ ነው ብዬ ጠይቄ ሳቃችሁብኝ።

ሩሐማ፦ ሦስት ወር ሙሉ ማስታወቂያ ስሠራ ነው የከረምኩት። የማይመጣ የለም።

መልካሙ፦ ማስታወቂያውንማ ፔዳ ግቢ ፊት ያሉት ካፌዎች በር ላይ እኔው አይደለሁ የለጠፍሁት። ቦታና ሰዓት የለውም።

ሩሐማ፦ ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት። ቦታና ሰዓት ዲዛይኑን ያጨናንቀዋል። ደግሞ ሰው የት እንደሆነ ካላወቀ ጉጉት ያድርበታል።

መልካሙ፦ አድሮበታል። ሁለት ሰው ደውሎ የት ነው አለኝ።

ሩሐማ፦ አየህ። ምን አልካቸው?

መልካሙ፦ ጉጉት ነው አልኋቸው።

ሩሐማ፦ ጎበዝ።

መልካሙ፦ አንደኛው ሰደበኝ።

ሩሐማ፦ መልካሙ፣ ዛሬ ቀልድ የለም። መምህር ሣህሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ልምምዱን ድገሙ ነው የሚሉት፣ ያ ማለት ደግሞ ዘንድሮ ምረቃ የለም ማለት ነው። እናቴ አጎቶቼን ከደሴ ጠርታለች። በጉ ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል። ዓመት ሙሉ በግ አይጠብቀኝም።

መልካሙ፦ ቢጠብቅሽ ይወፍራል።

ሩሐማ፦ ዝም በል። [ቀና ትላለች።] ይሄ ምንድን ነው?

መልካሙ፦ የቱ?

ሩሐማ፦ ከራሴ በላይ ያለው።

መልካሙ፦ ድንኳን። ፀሐዩ ሰው ያባርራል፣ ጥላ ፈልግ አላልሽኝም?

ሩሐማ፦ ጥላ አልኩህ እንጂ… ጫፉ ላይ ምን ተጽፎበታል? «እድር» ይላል። የለቅሶ ድንኳን ነው ያመጣህልኝ?

መልካሙ፦ ለቅሶ በሌለ ቀን ያው ድንኳን ነው።

ሩሐማ፦ ከማን ነው ያመጣኸው?

መልካሙ፦ ከእማማ ወለተ ኪዳን። አከራዬ አይደሉ፣ የእድሩን ዕቃ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ድንኳን ያውሱኝ አልኋቸው። ለማን ነው አሉ። ለሩሐማ ነው አልሁ።

ሩሐማ፦ ከዚያስ?

መልካሙ፦ «ምስኪን ልጅ» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ሩሐማ፦ አንተስ ዝም አልክ?

መልካሙ፦ የልምምዱን ጭንቀት የሰሙ መስሎኝ «በጣም እንጂ» አልሁ።

ሩሐማ፦ ቶሎ በል፣ ሰው ሳያየው እናውርደው። ያንን ገመድ ፍታ።

መልካሙ፦ ጡሩንባ ነፊው አይቶታል።

ሩሐማ፦ የምን ጡሩንባ ነፊ?

መልካሙ፦ የእድሩ ነዋ። ድንኳኑ ሲወጣ ካየ ይነፋል፣ ሥራው ነው። ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ነው የተመለሰው። ደግሞ ቦታውንም ሰዓቱንም ተናግሯል።

[ሩሐማ ወደ ግቢው በር ዞር ትላለች። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከኋላቸውም ጋቢ የለበሱ ወንዶች ዝግ ብለው እየገቡ ነው።]

ሩሐማ፦ መልካሙ፣ ሰው እየመጣ ነው።

መልካሙ፦ የማይመጣ የለም ብለሽ የለ።

ሩሐማ፦ እነዚህ እኮ ለቀስተኞች ናቸው።

መልካሙ፦ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን አሁን ካለው ይሻላሉ።

ሩሐማ፦ ሂድና ማንም አልሞተም በላቸው። እኔ ከድንኳኑ ኋላ ነኝ።

[መልካሙ ይሄዳል። ሩሐማ ከድንኳኑ ኋላ፣ ውኃው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ጥቂት ቆይቶ መልካሙ ይመለሳል።]

ሩሐማ፦ ነገርካቸው?

መልካሙ፦ ማንም አልሞተም አልሁ።

ሩሐማ፦ ምን አሉ?

መልካሙ፦ «ይሄ ልጅ መርዶው ገና አልደረሰውም» ብለው ለእኔም አለቀሱልኝ።

ሩሐማ፦ እና ትተሃቸው መጣህ?

መልካሙ፦ አይለቁኝም። ሩሐማ ማን ሞቶባት ነው ብለው ያዙኝ። መዋሸት ደግሞ አልወድም። ገና አልታወቀም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህር ሣህሉ መጥተው ይነግሩናል አልኋቸው።

ሩሐማ፦ እንዲህ ብለህ ተናገርክ።

መልካሙ፦ ውጤቱን አስቤ ነዋ።

ሩሐማ፦ [ራሷን ይዛ] አዝማሪውስ? ምሥጋና የት ነው?

መልካሙ፦ ማሲንቆውን ይዞ ፊታቸው ተቀምጧል።

ሩሐማ፦ ደህና። ፕሮግራሙ ላይ በጭፈራ ነው የሚከፍተው። አሁኑኑ ይጀምር። ዘፈን ሲሰሙ ይገባቸዋል።

መልካሙ፦ «ለቀስተኛ ፊት ጭፈራ አልጫወትም፣ ነገ ማን ለሠርግ ሊጠራኝ ነው» ብሏል። እንጉርጉሮ ይሻላል ብሎ እሱን እየቃኘ ነው።

[ከድንኳኑ ውስጥ የማሲንቆ ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ የብዙ ሰው ለቅሶ ይከተለዋል።]

መልካሙ፦ ያምርበታል።

ሩሐማ፦ እባክህን እንዲሄዱ አድርግልኝ። ጥቂቶቹ እንኳ ይሂዱ።

መልካሙ፦ አይሄዱም። እድርተኛ ስሙ ሳይጠራ ከተነሣ ቀሪ ይባላል። ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። [በድንኳኑ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል።] መምህር ሣህሉ መጡ።

ሩሐማ፦ ምን እያደረጉ ነው?

መልካሙ፦ በሩ ላይ ቆመዋል። እማማ ወለተ ኪዳን አቅፈዋቸዋል።

ሩሐማ፦ ለምን?

መልካሙ፦ የሟች ዘመድ መስለዋቸዋል መሰለኝ። «እግዜር ያጽናዎ» ነው የሚሏቸው።

ሩሐማ፦ እሳቸውስ?

መልካሙ፦ «አሜን» አሉ። አሁን ሰዉ ተሰልፎ አንድ በአንድ እየሳማቸው ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበር ተለቀቀላቸው። ንፍሮም ተሰጣቸው።

ሩሐማ፦ አለቀልኝ። [ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግማ ትነሣለች።] መልካሙ፣ ወንድሜ፣ በእውነት እንነጋገር። ድንኳኑን ያመጣው ማን ነው?

መልካሙ፦ እኔ ነኝ።

ሩሐማ፦ ማን ሞተ ሲሉህ የመለስከውስ?

መልካሙ፦ እኔ ነኝ።

ሩሐማ፦ እኔ የማውቀው ነገር ነበር?

መልካሙ፦ ምንም የምታውቂው ነገር የለም።

ሩሐማ፦ እንግዲያው ይሄንኑ ለመምህር ሣህሉ ንገራቸው። ሩሐማ አንድም ነገር የለችበትም፣ ሁሉም የእኔ ሥራ ነው በላቸው። ሁለታችንም ከምንወድቅ አንዳችን እንትረፍ። ያንተ ቤተሰብ እዚያ አገርህ ቁንዝላ በግ አላሰረ።

መልካሙ፦ አላሰረም።

ሩሐማ፦ ኋላ ቃልህን እንዳትለውጥ። ማርያምን በል።

መልካሙ፦ ማርያምን። አልለውጥም።

[መልካሙ ይሄዳል። ማሲንቆው ይቀጥላል። ሩሐማ ጆሮዋን ድንኳኑ ላይ ብትለጥፍም ከለቅሶው በቀር አይሰማትም። ማሲንቆው ሲያበቃ መልካሙ ንፍሮ እየቆረጠመ ይመለሳል።]

ሩሐማ፦ ነገርካቸው?

መልካሙ፦ ነገርኋቸው።

ሩሐማ፦ እንዳልኩህ?

መልካሙ፦ ቃል በቃል። የድንኳኑ ሐሳብ የማን ነው አሉ። የእኔ ነው አልሁ። ይሄን ሁሉ ሰው ያመጣው ማን ነው አሉ። እኔ አልሁ። ሩሐማስ አሉ። አንድም ነገር የለችበትም አልሁ። እርግጠኛ ነህ አሉኝ።

ሩሐማ፦ ምን አልክ?

መልካሙ፦ ማርያምን አልሁ።

ሩሐማ፦ ተባረክ። ውለታህን አልረሳም። በጣም ተቆጡህ?

መልካሙ፦ አቀፉኝ።

ሩሐማ፦ እንዴት አቀፉህ?

መልካሙ፦ በሁለት እጃቸው። «ስንት ዓመት ሳስተምር የተማሪ ትርኢት ላይ ወንበር ሞልቶ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ሕዝቡ ራሱ ተዋናይ ሆነ፣ እኔን ከበር ተቀብሎ አስለቀሰኝ፣ አንድ ሰው እንኳ አቋርጦ አልወጣም» አሉ። ሙሉውን ሰጡኝ።

ሩሐማ፦ ሙሉውን።

መልካሙ፦ ሙሉውን።



ሩሐማ፦ መልካሙ፣ ሰው እንደሚመጣ አውቀህ ነበር?

መልካሙ፦ ቁንዝላ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲቀር አይቼ አላውቅም። ማስታወቂያሽን ከለጠፍሁ በኋላ ነው ወደ እማማ ወለተ ኪዳን የሄድሁት።

ሩሐማ፦ እኔስ? ለእኔ ምን ሰጡኝ?

መልካሙ፦ አንድም ነገር ለሌለችበት ልጅ ምን ልስጣት አሉ። ልምምዱን ትድገም ብለዋል። በሚመጣው ዓመት እማማ ወለተ ኪዳን ዘንድ ትመደብና ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ ትማር አሉ። እማማም ፈቅደዋል።

ሩሐማ፦ ተመለስና ንገራቸው። ጥላ ፈልግ ያልኩህ እኔ ነኝ። ድንኳኑም የወጣው በእኔ ስም ነው።

መልካሙ፦ አልችልም።

ሩሐማ፦ ለምን አትችልም?

መልካሙ፦ አስምለሽኛል።

ሩሐማ፦ ራሴ እሄዳለሁ።

መልካሙ፦ ሄደዋል። ለቅሶው ራሴን አሳመመኝ ብለው ባጃጅ ያዙ።

ሩሐማ፦ [ድንጋዩ ላይ ቁጭ ትላለች።] አጎቶቼ መንገድ ጀምረዋል። በጉ ታስሯል። እናቴን ምን ብዬ ነው የማያት? [ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች።]

መልካሙ፦ ኧረ ተይ፣ እዚህ ብቻሽን አታልቅሺ። [የድንኳኑን ጨርቅ ይገልጣል።] እማማ፣ ታውቋል። እዚህ ናት።

ሩሐማ፦ ምን እያደረግህ ነው?

መልካሙ፦ ስም ሳይጠራ ግቢ። መጀመሪያም የመጡት አንቺን ሊያጽናኑ ነው፣ በከንቱ አይመለሱ።