የምጽዋው ቤትና ሁለተኛው አልጋ

የትም ገበያ ብትሄዱ አንድ ላቀው አይጠፋም። እህሉን ዘግኖ፣ አሽትቶ፣ ቆርጥሞ፣ «የመጨረሻህን ተናገር» ይላል። ሻጩ የመጨረሻውን ሲናገር ደግሞ «እሱማ መነሻው ነው» ይላል። ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ለየባላባቱ ሹመት ሲያድል ላቀውን የሾማቸው ግን ገበያው ነው፤ ደጃች ላቀው አላቸው።

ደጃች ላቀው የማይከራከሩበት ነገር የለም። የንስሐ አባታቸው ስግደት ቢያዟቸው ግማሹን ወደ ክረምት አስተላልፈዋል። ኬላ ላይ ወታደር መሣሪያ ደግኖ «ሁለት እጅ ወደ ላይ» ቢላቸው፣ አንዱ ዶሮ ይዟል ብለው በአንድ እጅ ተስማምተው አልፈዋል። ያለ ምስክር አይገበያዩም፤ ምስክሩም ሁልጊዜ ጎረቤታቸው ክንዱ ነው። ክንዱ ከጎናቸው ቆሞ ሲያፍር፣ «ከዚህ ሰውዬ የሚገላግለኝ ማን ይሆን?» ሲል ስንት ዓመቱ።

የሚገላግለው በካሚዮን መጣ። ጠሃ የሚባል የምጽዋ ነጋዴ ጨው ጭኖ ቡሬ ገባና፣ እዚያ ባሕሩ ዳር ያለችውን ቤቱን ከነዕቃዋ በርካሽ እንደሚሸጥ አወራ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ፋኖስ፣ ሁሉም ውስጧ ነው። ላቀው ደግሞ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ የባሕር ሙቀት ቁርጥማት ይነቅላል ሲባል ሰምተዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱም ቀዝቅዟቸዋል። ክንዱ ሊሄዱ መሆኑን ሲሰማ ሊደሰት ሞከረ፤ ሆዱ ግን እምቢ አለው።

ክርክሩ ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

«ባሕሩ ከቤቱ ይርቃል?»

«በሩ ድረስ ይመጣል» አለ ጠሃ በኩራት።

«እንግዲያ ቤቱ እርጥብ ነው፤ ቀንስ። ውሃውስ ይጠጣል?»

«ጨው ነው።»

«የማይጠጣ ውሃ ደጄ ላይ ልታስቀምጥብኝ? ቀንስ።»

ጠሃ እያላበው ቀነሰ።

«አሁን ሁለተኛ አልጋ ጨምርና ጨርሰናል።»

«ያለኝ አንድ አልጋ ነው። ደግሞስ ብቻዎን አይደሉም እንዴ?»

ላቀው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና ጥለው ሄዱ። ቡሬ ገበያ ላይ ገዢ ጥሎ ይሄዳል፣ ሻጭ ይጠራዋል፤ ደንቡ ነው። ጥሪው እንዲደርሳቸው ቀስ እያሉ ነበር የሚራመዱት። ጠሃ ግን የአገሩን ደንብ አያውቅም፤ ግራ ገብቶት ወደ ክንዱ ዞረ።

«አባቴ፣ ልጥራቸው ይሆን? አልጋ ከጎረቤት ፈልጌ እጨምርላቸዋለሁ።»

ክንዱ የሚያነክሰውን የጓደኛውን ጀርባ አየ። ነገ ጠዋት በሩን ከፍቶ ያንን ጀርባ ሲያጣው ታየው።

«ተወው ልጄ» አለ። «እሱ ከሄደ ሄደ ነው።»

ካሚዮኑ ጠሃን ይዞ ሲነጉድ፣ ላቀው ገበያው ጥግ ላይ እንደቆሙ ነበር። ክንዱ ደረሰባቸው።

«አልጠራኝም?»

«አልጠራህም» አለ ክንዱ ዓይኑን ሰብሮ። «አንተስ ብቻህን ሁለት አልጋ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

ላቀው እንደ ቂል አዩት።

«አንተ መሬት ላይ ልትተኛ ኖሯል?»

አገር ምድሩን ያሰለቸው ሰውዬ ለካ ከነምስክሩ ነበር ሊሄድ ያሰበው። ክንዱ እጃቸውን ደግፎ ወደ ቤት መራቸው።

«እኔ ቤት መደብም አለ፣ እሳትም አለ። ጉልበትህን እዚያ አሙቀው።»

«ከነራቱ?»

«ከነራቱ።»

«እሱማ» አሉ ላቀው፣ «መነሻው ነው።»